አጎቴ መረባቸውን ከወንዙ አፍ ያንሱ? ስለ ጣና ነጭ ዓሣ የጠየቅኩትና የመጡልኝ መልሶች

ባለፈው ሐምሌ በውይይት መድረኩ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ 43 መልስ ተጻፈበት። አንዳንዶቻችሁ የመልሶቹ ክር ስለረዘመ አንብባችሁ መጨረስ እንዳቃታችሁ በውስጥ መስመር ነገራችሁኛል። ስለዚህ የተባለውን በቁጥሩ ልተርክላችሁ። ለሰላምታ ብቻ የገቡትን አልፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። የክረምቱ መግቢያ ላይ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ቤታቸው ጉማራ ወንዝ ጣና ከሚገባበት ብዙም አይርቅም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አብሬያቸው ወረድኩ። ውሃው ጎርፍ ገብቶበት ደፍርሷል። አጎቴ ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው መረቡን እየሳቡ፣ የተያዘውን እየፈቱ ወደ ዳር መጡ። አብዛኛው ነጭ ዓሣ ነው። አንዷን ተቀብዬ ያዝኳት። ሆዷ ተወጥሯል። ትንሽ ጫን ሳደርጋት እንቁላሏ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ዳጉሳ የሚያህል፣ ብጫ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው። አጎቴ እጄን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ መረባቸውን ማጠብ ጀመሩ።

ነገሩ ገብቷቸዋል። እኔም ገብቶኛል። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ገልዳ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡ የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ክልሉም የራሱን ሕግ አውጥቷል። አጎቴ ግን መሬት የላቸውም። ያላቸው አንድ ታንኳና አራት መረብ ነው። ቤት ውስጥ ሰባት ነፍስ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በአገራችን ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም መረቡ ከወንዙ አፍ ይነሳ ከተባለ፣ እነዚህ ሰባት ሰዎች ሦስቱን ወር ምን ይብሉ?

መልስ 1 የመጣው ከሐዋሳ ነው። ሰውየው በጣም ትሑት ነው። ጥያቄውን ስላነሳሁ አመስግኖ ጀመረ። ሐዋሳ ላይም ችግሩ ተመሳሳይ እንደሆነ ጻፈ። ልጅ ሳለ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ያየው የነበረው ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ሰሃን ይሞላ እንደነበር፣ አሁን ግን መዳፍ የምታክል ሲጠበስ ማየት እንደለመደ አስታወሰ። የመረቡ ቀዳዳ በየዓመቱ እየጠበበ ስለሄደ ነው ይላል። መልስ 2 ባጭሩ ይዘጋ፣ አለቀ የሚል ነው።

መልስ 3 ላይ ጉዳዩን አጥንቶ የሚያውቅ ሰው ገባ። ረጅም ነው የጻፈው፤ ሁሉም ግን ጠቃሚ ነው። እንደሱ አባባል የጣና ዓሣ ማስገር መልኩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በቤተ ክርስቲያንና በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች ትብብር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ከዚያ በፊት ሥራው በታንኳ፣ ዳር ዳሩን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓመት 39 ቶን የነበረው የተመዘገበ ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን ወጣ። ያ ዕድገት ግን በነጭ ዓሣው ላይ ምን እንዳስከተለ ቀጥሎ ዘረዘረ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በክብደት ሲለካ 75 በመቶ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓሣ እንደሆነ ነገረን። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቶሎ ቶሎ ይራባል፣ ዳር ላይ ተበታትኖ ይኖራል። ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ሲራባም በአንድ ወቅት፣ በአንድ በር ነው የሚያልፈው። በሩ ላይ ከቆምክበት ዘሩን ነው የምትይዘው።

መልስ 4 እኔን አረመኝ። እርማቱ ትክክል ነበር። ነጭ ዓሣ ሁሉ ወንዝ ይወጣል ብዬ ነበር የጻፍኩት። ወንዝ ወጥተው እንደሚራቡ የታወቁት ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ናቸው። የቀሩት እዚያው ሐይቁ ውስጥ ወይም ዳር ባለው ረግረግ እንደሚራቡ ይታሰባል። ስለዚህ ወንዙን ብቻ ጠብቀን ዳሩን ብናጠፋ ግማሹን ረሳን ማለት ነው። ጥያቄዬ ውስጥ አስተካክዬዋለሁ።

ከዚያ መልስ 5 መጣ። ይሄን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው ባሕር ዳር ውስጥ ከነገደ ወይጦ ቤተሰብ የተወለደ ነው። አያቶቹ ጉማሬ ያድኑ ነበር። በዚያ ሰበብ ጎረቤት አብሯቸው በማዕድ አይቀመጥም ነበር። ጉማሬው ሲቀር ኑሯቸው በዓሣና ውሃ ዳር በሚበቅለው ተክል በደንገል ላይ ወደቀ። ወንዱ ያጠምዳል፣ ታንኳ ይሠራል። ሴቷ ከደንገል ትሰፋለች፣ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ልጅ ሳለ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ውሃው ድረስ ደንገል ነበር። ዛሬ ዳሩ ተሸንሽኖ ሌላ ነገር ተሠርቶበታል። ደንገል ለማጨድ ግማሽ ቀን ይኬዳል። እሱን የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነው። የሞተር ጀልባው ሲመጣ፣ ዳሩ ሲሸጥ ማንም ወገኖቹን አልጠየቀም። ዓሣው አለቀ ሲባል ግን መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ታንኳ ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

መልስ 6 እና 7 አዘኔታቸውን ገለጹ። 7ኛዋ ዲሲ የምትኖር እህት ናት። ታንኳ በሥዕል እንጂ በአካል አይታ እንደማታውቅ፣ እንዴት እንደሚሠራም ማወቅ እንደምትፈልግ ጠየቀች። 5ኛው ሰው መልስ 8 ላይ ተመልሶ በዝርዝር አስረዳት። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በወፍራም ጥቅል ይታሰራል። ጥቅሎቹ ጎን ለጎን ተጠፍረው አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። መሀሉ ላይ ለመቀመጫ ሌላ ደረቅ ደንገል ይነጠፋል። ከሥራ ሲመለሱ ታንኳውን ከውሃ አውጥተው ዛፍ ላይ አስደግፈው ያቆሙታል፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ። ያም ሆኖ በጥቂት ወራት ውሃ ይጠግባል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ አጥማጅ በዓመት ከአንድ በላይ ታንኳ ያስፈልገዋል። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም። ሌላም ነገር ጨመረ። ቆሮሶ የሚራባውና ጫጩቱ የሚደበቀው እዚያው ደንገሉ ሥር ነው። ዳሩ ሲመነጠር ዓሣውም ታንኳውም አብረው ነው የሚጠፉት።

እስከዚህ ድረስ ክሩ እርጋታ ነበረው። መልስ 9 ቃናውን ለወጠው። ጸሐፊው ድህነት ሕግ ለመጣስ ፈቃድ አይሆንም ብሎ ተነሳ። እዚህ ድረስ አልከፋኝም። ግን 5ኛውን ሰው እየተቆጣ፣ በአንተታ እያመናጨቀ ነበር የጻፈው። ሁላችሁም አልቃሻ ናችሁ የሚል መንፈስ ነበረው። አጎቴንም ሌባ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባቸው። ሲቀጥል ደግሞ ዓሣውን የጨረሰው ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያሰክር የብርብራ ፍሬ የሚበትነው የላይኛው ገበሬ ነው ብሎ ሌላ እሳት ለኮሰ።

መልስ 10 የገበሬ ልጅ ነው። ቱግ ብሎ ነው የመጣው። ከተማ ተቀምጦ ገበሬን መስደብ ቀላል እንደሆነ ነገረው። ግን ከቁጣው ቀጥሎ የጻፈው ነገር እውነተኛ ነው። ልጅ ሳለ ብርብራ ራሱ ወቅጦ ያውቃል። ፍሬው ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይደቅቃል፣ ውሃው ረጋ ያለበት ኩሬ ላይ ይበተናል። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሰክሮ እየተገለባበጠ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ልጆቹ ትልቁን ለቅመው ይሄዳሉ። ትንንሹ እዚያው ይቀራል። የዚያን ጊዜ ደስ ይለው እንደነበር፣ አሁን ሲያስበው ግን የዚያ ኩሬ ነጭ ልብስ የለበሰ መምሰል ከዓይኑ እንደማይጠፋ ጻፈ። ያንን ሁሉ የሚያደርግ ገበሬ ግን ጥቂት መሆኑንም ማስመር ፈለገ። እኔ አምኜዋለሁ።

መልስ 11 ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አባት ናቸው። 9ኛውን ገሠጹት። ሰውን አንተ እያሉ ማመናጨቅ ክርክር እንደማይባል፣ ሐሳቡን ይዞ ቃሉን እንዲያለዝብ መከሩት። 9ኛው ለእሳቸው አልመለሰም።

ከ12 እስከ 16 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው። አንዷ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ስለሚደራ አጥማጁ ያኔ አጠራቅሞ ለክረምት ቢያቆይስ የሚል ሐሳብ አመጣች። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ወዲያው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ሙግት ተነሳ። ሁለት ሰው ስለ ዐቢይ ጾም ረጅም ጻፈ። አንድ ሰው የዓሣ ለብለብ አሠራር ጠየቀ፣ ሌላው መለሰለት። የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ የሃይማኖቱን ጉዳይ ሌላ ክር ላይ እንዲወስዱት ጠየቀ።

መልስ 17 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ከደንቢያ በኩል ነው። እምቦጭን አነሳ። ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ በመገጭ አፍ አካባቢ፣ ከዚያ በሰሜንና በምሥራቅ ዳር ተስፋፋ። የእሱ ቤተሰብ ማታ የጣለውን መረብ ጠዋት ማግኘት የተሳነው ጊዜ አለ። አረሙ በነፋስ ተገፍቶ መጥቶ መረቡን ጠቅልሎት ይሄዳል። መረቡ ይቀደዳል ወይ ጨርሶ ይጠፋል። ዳሩ በአረም ሲዘጋ ታንኳ መውጫ የለውም። ዓሣ ማጥመጃው ቀን አረም መንቀያ ሆኖ ያልፋል። ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጅ መንቀል ምን እንደሚመስል የጻፈውን ያላነበበ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ቆዳ ያሳክካል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ ማታ ደግሞ ሌላ ክምር በነፋስ ይመጣል።

መልስ 18 የ3ኛው ሰው ነው። ተመልሶ መጣ። መረብ ላይ ብቻ እንዳናተኩር አሳሰበ። ነጭ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት፣ ንጹሕና አየር የበዛበት ውሃ በሚፈስበት ቦታ ነው። ያ ጠጠርና አሸዋ ለግንባታ ከወንዙ ይዛቃል። በበጋ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወንዙን ያደርቀዋል። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ዓሣ ደግሞ ግድብ አይዘልም። ፎገራ ላይ ሩዝ ከገባ ወዲህ ረግረጉ እርሻ ሆኗል። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች አምባዛና ቆሮሶ በጎርፍ ጊዜ ገብተው የሚራቡባቸው ነበሩ። ዛሬ ውሃቸው ለመስኖ ተስቦ ዳራቸው እየታረሰ ነው። አጥማጁ መረቡን ቢያነሳ እንኳ ዓሣው ወጥቶ የሚራባበት ካላገኘ ምን ዋጋ አለው የሚለው ጥያቄው ከባድ ነው።

ይሄን ሲል 9ኛው ተመልሶ መጣ፣ መልስ 19 ላይ። ተማርኩ ባዮች ሁልጊዜ ጥፋቱን በታትነው ማንም እንዳይጠየቅ ያደርጋሉ ብሎ ወረፈው። 3ኛው ሰው አልተናደደም። መልስ 20 ላይ የወንዝ አፍ መዘጋት አለበት የሚለውን እሱም እንደሚደግፍ፣ ግን ሕግ ደካማውን ብቻ የሚይዝ ወጥመድ እንዳይሆን እንደሚፈራ አስረዳ። ስድቡን በስድብ ባለመመለሱ አከበርኩት።

መልስ 22 ላይ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ጻፈች። ዳር ላይ ተቀብላ፣ ፊሌቶ አውጥታ ለሆቴልና ለሰፈር ታደርሳለች። በዚህ ክር ላይ ስለ ገንዘቡ በግልጽ የጻፈችው እሷ ብቻ ናት። ብዙ አጥማጅ መረቡን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ አይደለም። ነጋዴው በዱቤ ይሰጠዋል። ከዚያ ያጠመደውን ሁሉ ለዚያው ነጋዴ፣ ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል። ዕዳው ግን አይወርድም። ሞኖፊላመንት የሚሉት ርካሹ የላስቲክ መረብ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። ዓሣ አይስተውም። ግን ቶሎ ይበጠሳል፣ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ማንም ሳይስበው ዓሣ ሲገድል ይኖራል። በዓመቱ ሌላ መረብ በዱቤ መውሰድ ነው። ስለዚህ አጥማጁ ሐምሌ ላይ አርፌ ልቀመጥ ቢል እንኳ ዕዳው አያስቀምጠውም። ፊሌቶ ስታወጣ እንቁላል የሞላበትን ሆድ ስትቀድ ምን እንደሚሰማትም ጻፈች። እንቁላሉን ለድመት ትጥለው ነበር። አሁን ማየቱን ስለማትችል ለረዳቷ ሰጥታ ዞር ትላለች።

እኔ ዕዳውን አላሰብኩትም ነበር። አጎቴን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ከአራቱ መረብ ሁለቱ በዱቤ የተወሰዱ ናቸው። ነግረውኝ አያውቁም።

መልስ 24 ጥያቄዬን በቀጥታ ለመመለስ የሞከረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ ተረከ። ብራዚል ዓሣ በሚራባበት ወቅት ማጥመድ ስትከለክል፣ ለአነስተኛ አጥማጆች ለእያንዳንዱ የተዘጋ ወር ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ ትከፍላለች። በባሕር ዳርቻም በወንዝም ላሉት ነው። ባንግላዴሽ ሂልሳ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ ወጥቶ ሲራባ 22 ቀን ማጥመድ ትዘጋለች። ለተመዘገቡ ቤተሰቦች ሩዝ ታድላለች። የሂልሳው ታሪክ ከእኛ ነጭ ዓሣ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ሳይ ገረመኝ። መልስ 25 ግን ነገሩ እንደሚወራው ቀላል እንዳልሆነ አስታወሰ። ብራዚል ውስጥ አጥማጅ ያልሆነ ሰው ተመዝግቦ ገንዘቡን የሚወስድበት ችግር አለ። ባንግላዴሽ ላይ ሩዙ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የነጋዴው ዕዳ ደግሞ ባለበት ይቆያል። 22ኛዋ ሴት የጻፈችው ዕዳ ያው በዚያም አለ ማለት ነው።

መልስ 26 ላይ አንድ አባት የቀይ ባሕርን ጊዜ አስታወሱ። ምጽዋ ላይ አገልግለዋል። ጠዋት የሚመጡትን ባለሸራ ጀልባዎች፣ የዓሣውን ቀለም፣ የጨው ሽታውን በናፍቆት ጻፉ። መልስ 27 በአክብሮት ወደ ጣና እንመለስ አላቸው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

መልስ 28 ሴፍቲኔትን፣ ችግረኛ ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ የሚያገኙበትን መርሐ ግብር አነሳ። መርሐ ግብሩ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አጥማጅ ቤተሰቦች ለምን አይካተቱም? የማኅበረሰብ ሥራው ግን በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው፣ ገበሬው ከእርሻ ሥራ ዕረፍት በሚያገኝበት ጊዜ። አጥማጁ የሚቸገረው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። ስለዚህ ጊዜውን ለአጥማጁ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሥራውንም ነገረን። ክፍያው የሚሰጠው እምቦጭ ለመንቀል፣ ደንገል መልሶ ለመትከልና የወንዙን አፍ ለመጠበቅ ይሁን። ዓሣው የት እንደሚያልፍ ከአጥማጁ በላይ ማን ያውቃል? ለእኔ ከ43ቱ መልሶች የሚበልጠው ይሄ ነው። ደጋግሜ አሰብኩት። አጎቴ ጠባቂ ቢሆኑ ማንም መረብ ደብቆ አያልፋቸውም።

መልስ 30 አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዳር ላይ ያሉ ሰዎች ባሕር ሸሽ ያርሱ የለ እንዴ? እውነት ነው። ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ያለው ሰው ዓሣም እህልም አለው። ግን ባሕር ሸሹም ባለቤት አለው። አጎቴ የላቸውም። መልስ 31 ድሮ ጣና ላይ በመርከብ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በ1995 ዓ.ም. ውሃው በጣም ወርዶ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደነበር አስታወሰ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ውሃው ከታጠረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ እንደ ድሮው በዝናብ ብቻ አይወሰንም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ይወስዳል። በ1995 ውሃው የሸሸበት መሬት ሁሉ ወዲያው ታረሰ። ደንገሉም አብሮ ተመነጠረ። ውሃው ሲመለስ ደንገሉ አልተመለሰም።

መልስ 33 ላይ 9ኛው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ይህኛው ከፊተኞቹ የተለየ ነበር። አባቱ ዝዋይ ላይ አጥማጅ እንደነበሩ ገለጠ። ሐይቁ ላይ ዓሣው ሲመናመን አባቱ መረባቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ለዘበኝነት ሄዱ። ማንም ወቅቱን ያከበረ አልነበረም፣ ማንም አልከለከለም። ያኔ አንድ ሰው ጨክኖ ቢዘጋው ኖሮ አባቴ ከቤቱ አይወጣም ነበር የሚል ቁጭት ነው ያለበት። የተቆጣው ለዚህ እንደነበር ስናውቅ ብዙዎቻችን ዝም አልን። 5ኛው ሰው መልስ 34 ላይ ወንድሜ ብሎ ጠርቶ አጽናናው። 9ኛውም ስለ መጀመሪያው ቃሉ ይቅርታ ጠየቀ፤ አጎቴንም ጭምር።

ከ35 እስከ 40 ያለው ስለ አፈጻጸም ነው። ሐይቁ በሙሉ ሳይሆን የወንዝ አፎቹ ብቻ ይዘጉ የሚለው ብዙ ድጋፍ አገኘ። ቆሮሶና አምባዛ ማጥመድ ይቀጥላል። ከወንዙ አፍ ምን ያህል ርቀት ድረስ የሚለው ላይ ግን ተጨቃጨቁ። አንዱ ድንበሩ በቡይ፣ ማለትም ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ምልክት ይታይ አለ። ሌላው ምልክቱ በሳምንቱ ይሰረቃል ብሎ ተከራከረ። 22ኛዋ ሴት ገዢውም ይጠየቅ አለች። ሐምሌ ላይ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ የሚረከብ ሆቴልና ነጋዴ ከሌለ አጥማጁ ለማን ብሎ ያወጣዋል? እሷ ራሷ በመጪው ክረምት እንደማትረከብ ቃል ገባች። ገቢዋ እንደሚጎዳ ታውቃለች።

መልስ 41 የ5ኛው ሰው ነው። አጭር ነበር። ይሄን ሁሉ ስናወራ አጎትሽ መረባቸውን የት ጣሉ ብሎ ጠየቀኝ።

ስለማላውቅ ሄድኩ። የተባለውን አንድ ማታ ሙሉ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ስለ ብራዚል ስነግራቸው ሁለቴ አስደገሙኝ። በነጋታው ሌሊት አራቱንም መረብ ይዘው ወጡ። በወንዙ አፍ በኩል አልሄዱም። ወደ ደቡብ ቀዝፈው ደንገል ወደተረፈበት ዳር ጣሉ። ጠዋት የወጣው ሦስት ቆሮሶና አንድ አምባዛ ነው። አክስቴ አምባዛውን ለቤት አስቀርታ ቆሮሶዎቹን ሸጠች። ከዱቤው የምትቀንሰው አልተረፋትም።

መልስ 43 ላይ ይሄን ጻፍኩላቸው። የመጨረሻውንም አልደበቅኩም። በሦስተኛው ቀን ከአጎቴ ጋር በወንዙ አፍ አልፈን ነበር። ለዓመታት መረባቸውን የሚያስሩበት እንጨት ላይ የሌላ ሰው ገመድ ታስሯል። አጎቴ መቅዘፋቸውን አቁመው ገመዱን አዩት። መረቡ ከብዶ ወደ ታች ተወጥሯል።